የብርቱካን ዋስ

ብርቱካን ናትናኤልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በአባቷ የሽንኩርት ማሳ ላይ ችካል ሲተክል ነው። እሱ አንዱን ተክሎ ወደሚቀጥለው ሲራመድ፣ እሷ ከኋላው እየተከተለች ትነቅል ነበር።

ግንቦት ሁለት ሺህ ሰባት ነው። የሸዋ ሮቢትን ግንቦት ለሚያውቅ ሰው መናገር ድካም ነው፤ የማያውቅ ደግሞ ቢነግሩትም አያምንም። ባጃጆቹ እንኳ ሰው መፈለጉን ትተው ኒም ዛፍ ሥር ተኮልኩለው ይውላሉ። ናትናኤል ከደብረ ሲና የወረደ ደገኛ ነው፤ በመሬት ልኬት ሙያ ተቀጥሮ ቆላ ከገባ ብዙም አልቆየ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ሜትሩን እየጎተተ ድንገት ዘወር ቢል ሲተክል ያረፈደው ችካል ሁሉ በአንዲት ወጣት ክንድ ላይ እንደ ማገዶ ታቅፎ አየው።

«እህቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያረምኩ» አለችው።

መቆጣት ነበረበት። ግን ሳቁ አመለጠው፤ እሷን ያናደዳትም ከችካሉ ይልቅ ሳቁ ነው።

«የሰው ማሳ ውስጥ ገብተህ ሽንኩርት እየረገጥህ ትስቃለህ? የት አገር ነው እንዲህ ያሳደጉህ?»

«ደብረ ሲና።»

«ታዲያ ደብረ ሲና ሽንኩርት አያውቁም?»

ናትናኤል እግሩን አየ። እውነትም ረግጦ ቆሟል። ቀስ ብሎ ወደ ቦዩ ወረደና ይቅርታ ጠየቃት፤ ከዚያም እንዲናገር የታዘዘውን ነገራት። መሬቱ ለመስታወት ፋብሪካ ተሰጥቷል። ከውጭ አገር በሳጥን የሚመጣውን መስታወት ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ፣ በእሳት አጠንክሮ ለሕንፃ የሚያቀርብ ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ልማታዊ ባለሀብት ናቸው። ካሳው ይከፈላል፤ መሬታቸው ለተነሳ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ ሥራ በቅድሚያ ይሰጣል።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ስብሰባ ላይ ተብሏል።»

«ስብሰባ ላይ ብዙ ይባላል። አንተስ ትላለህ?»

ልጅቷ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። ናትናኤል ስለ ፋብሪካው የሚያውቀው እሷ ከምታውቀው አይበልጥም ነበር፤ ቢሆንም ያን ዓይን እያየ አላውቅም ማለት አቃተው።

«እኔም እላለሁ» አላት።

አባቷ ጋሽ ይልማ ከማሳው ጥግ ሆነው ያዩ ነበር። መጥተው ችካሎቹን ከክንዷ ተቀበሉና ለልጁ መለሱለት። «የታዘዘ ሰው ነው፤ በሱ ላይ አትነሺ። ይልቅ ውሃ አምጪለት፣ ሙቀቱ ሊገድልብን ነው» አሉ። ብርቱካን ውሃውን አመጣች። ሲጠጣ ቆማ አየችው። ይዛው የመጣችው ቁጣ ግማሹ የት እንደገባ ለራሷም አልገባትም።

ፋብሪካው ሁለት ክረምት ፈጀ። ሽንኩርቱ በነበረበት ብረት ቆመ፣ ቆርቆሮ ለበሰ፤ የሮቢ ወንዝ ውሃ ይወርድበት የነበረው ቦይ በሲሚንቶ ተደፈነ። ለጋሽ ይልማ የቀረቻቸው ከአጥሩ ውጭ ያለች ማሾ የሚዘሩባት ቁራጭ መሬትና ጥቂት የማንጎ እግር ናት።

ብርቱካን ማንጎውን መንገድ ዳር ትሸጣለች። ናትናኤል ደግሞ ማንጎ መውደድ ጀመረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይገዛል፤ ቅዳሜ ይደግማል።

«አንድ ሰው ይህን ሁሉ በምን ሆዱ ነው የሚበላው?» አለችው አንድ ቀን።

«ለጎረቤት አድላለሁ።»

«ጎረቤቶችህስ አልሰለቻቸውም?»

«ሳንኳኳ መክፈት ትተዋል።»

ሳቀች። ብርቱካን በቀላሉ የምትስቅ ልጅ አይደለችም። ናትናኤል ያን ሳቅ ይዞ ሲሄድ የገዛውን ማንጎ እዚያው ረሳው፤ እሷም አልጠራችውም፣ ነገ ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቅ ነበርና።

ፋብሪካው ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ብርቱካንና ጓደኛዋ ሙሀባ አብረው ተመዘገቡ። የሙሀባም አባት መሬታቸው የተነሳባቸው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ነበሩ፤ ፈተናውን ሁለቱም አለፉ። ደስታቸው ግን የቆየው የሰው ኃይል ክፍሉ በር እስኪደርሱ ብቻ ነው።

«የቀረው ዋስ ነው» አለች የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሪት ሩት። «ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው መጥቶ ይፈርምላችሁ። መስታወቱ ውድ ነው፤ ጥፋት ቢደርስ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት።»

ጋሽ ይልማ በማግሥቱ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ለሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። ሸዋ ሮቢትን በከበበው በቀወት ገጠር ዋስ ሁኑልኝ ተብለው እምቢ ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። በሬ ለተበደረ፣ ደም ለተቃባ፣ ሚስት ለሚያገባ ስንት ጊዜ ቆመዋል፤ «ይልማ ካሉ ይበቃል» ከመባል በቀር ሌላ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ።

«አባባ፣ ደመወዝ አለዎት?»

«የለኝም። መሬት ነበረኝ።»

«አሁንስ መሬቱ የት ነው?»

«አሁንማ አንቺ ወንበርሽን ያስቀመጥሽበት ነው።»

ሩት ቀና ብላ አየቻቸው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ሰው ረግሟት ይወጣለታል። ደንቡን እሷ አላወጣችም፣ ከአዲስ አበባ የተላከላትን ነው የምታስፈጽመው፣ ድምፅዋም ለስላሳ ነበር። «ይቅርታ አባባ፤ ገበሬ ዋስ መሆን አይችልም» አለቻቸው።

ጋሽ ይልማ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ እጅ ነሥተው ወጡ። ቢሰደቡ ኖሮ ይመልሱ ነበር፤ በትሕትና ለተሰደቡት ስድብ ግን መልስ አልነበራቸውም። ከጎናቸው የምትሄደው ልጃቸው የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምታለች። እዚህ ግን ዓባይን ከነወንዙ ወስደው፣ ልጁን ውሃ ለመጠጣት ዋስ አምጣ አሉት።

ብርቱካን አባቷን ቤት አድርሳ ተመለሰች። በቀጥታ ናትናኤል ቢሮ ገብታ፣ ባልደረቦቹ ሁሉ እያዩ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«እኔም እላለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ምን ሆነ?»

ነገረችው። አባቷ ነጠላቸውን እንዴት እንዳጣፉ ሳይቀር ነገረችው። ናትናኤል እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠረጴዛውን እያየ ቀረ።

«ዝም ለማለትማ እኔም ቤቴ ነበርኩ» አለችና ወጣች።

በማግሥቱ ናትናኤል ደመወዝተኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ ፋብሪካው ሄደና ፈረመ። ብርቱካን የሰማችው ሥራ ጀምሪ ተብላ ስትጠራ ነው። ማንጎውን ሊገዛ ሲመጣ ጠብቃ ያዘችው።

«ዋስ ሁነኝ ብዬሃለሁ?»

«አላልሽኝም። እኔ የፈረምኩት ለገዛ ቃሌ ነው» አላት። «ለሙሀባም ልፈርም ብዬ ነበር። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው አሉኝ።»

ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አናደዳት።

የብርቱካን ሥራ መስታወቱ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ማጠብና መመርመር ነው። ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት እሳት ውስጥ ይፈነዳል፤ ከጠነከረ በኋላም መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ ስህተት የሚያዘው እሷ ዘንድ እያለ ነው። የታጠበው መስታወት በብርሃን ላይ ሲቆም ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ታየዋለች። ሥራውን ወደደችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የተቀየመችበትን ቤት መውደድ መሸነፍ መሰላት።

ከሥራ ስትወጣ ናትናኤል በሩ ላይ ይጠብቃታል። ባጃጅ ሞልቶ እያለ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ ያም ቀስ ብለው። እሱ ስለ ደጋው ያወራላታል።

«ጣርማ በር ላይ ከመንገዱ ዋሻ ስትወጪ ጉሙ ፊትሽን ያጥብሻል። አንድ ቀን እወስድሻለሁ።»

«ብርዱ እንዳይገድለኝ ዋስ ትሆነኛለህ?»

ቀልዷን ነው። ጥቂት እንደሄዱ ናትናኤል ቆመ።

«ብርቱካን፣ እኔ እኮ ከዚያ ከማሳው ቀን ጀምሮ ነው።»

«ከማሳው ቀን ጀምሮ ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ንገረኝ። ሳይነገረኝ የሚታወቅ ነገር በዝቶብኛል።»

«እወድሻለሁ» አላት።

መንገዱ ጠባብ ባይሆንም ክንዷን ከክንዱ አላራቀችም፤ እስከ ቤታቸው መታጠፊያ እንደዚያው ሄዱ።

ከተማ ዓይን አለው፤ ዓይን ያለው ደግሞ ምላስ አያጣም። «ፈረመላት፣ እሷም ፈረመችለት» ማለት ተጀመረ። ከሁሉ የከበዳት ግን የሙሀባ ነው። ሙሀባ በዋስ እጦት እቤቷ እንደቀረች ናት። አንድ እሑድ ገበያ ተገናኝተው ሳለ፣ «አንቺስ ዋስ አገኘሽ» አለቻት፤ «እኔ የሚወደኝ መሬት ለኪ የለኝም።» በሳቅ ነው ያለችው፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም። እውነቷን ነው። ፈተናውን ያለፉት እኩል ነው፤ መሬታቸው የተወሰደው እኩል ነው፤ ልዩነታቸው አንድ ወንድ አንዷን መውደዱ ብቻ ነበር።

ወሬው ናትናኤልም ጆሮ ገባ። በደንብ ያደገ ልጅ ነው፤ ወሬን የሚዘጋው ወግ ነው ብሎ አሰበ። ልጅቷን አስቀድሞ መጠየቅ ድፍረት መሰለውና ለብርቱካን ሳይነግራት አጎቱን ጋሽ ሀብታሙን ከደብረ ሲና አስመጣ፤ የጋሽ ይልማን የልጅነት ባልንጀራ፣ እህል ነጋዴውን ሀጂ ሁሴንን አስጨመረ፤ ሽማግሌ ላከ።

ብርቱካን ሥራ ላይ ነበረች። የሆነውን የነገሯት እናቷ እትዬ እቴነሽ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ከበሩ ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። አባቷ ተቀመጡ አሏቸው። እነሱም የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም አሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ወግ ነው፤ ወጉ አልቆ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሳሳቅበት ሰዓት ይመጣል። አልመጣም።

«ልጁን አልጠላውም» አሉ ጋሽ ይልማ። «እንዲያውም እወደዋለሁ። ግን ዛሬ የልጄ ዋስ ነው። ይልማ ዋስ መሆን ቢያቅተው የዋሷን ውለታ በልጁ ከፈለ ሊባል ነው? ዋስትናውን ያንሳና እንደ ማንም ሰው ይምጣ።»

ሀጂ ሁሴን ባልንጀራቸውን ያውቃሉ። አልተከራከሩም። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ወጡ፤ ሳይቀመጥ የወጣ ሽማግሌ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል።

ብርቱካን ያን ምሽት በማን ላይ እንደምትቆጣ መምረጥ አቃታት። በአባቷ እንዳትቆጣ ያ በር ትዝ ይላታል። በሩት እንዳትቆጣ ሩት የታዘዘች ናት። በዚህ አገር ላይ ሁሉም ሰው የታዘዘ ነው፤ አዛዡን ያየው ሰው የለም። ሲነጋ ቁጣዋን ሰብስባ ለሚገባው ይዛለት ሄደች። ናትናኤልን በምሳ ሰዓት ከቢሮው ፊት ካለው ኒም ዛፍ ሥር አገኘችው።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ወጉ እንደዚያ መስሎኝ...»

«አባቴን ሳትጠይቅ መሬታቸውን ለካህ። እኔንም ሳትጠይቅ ለካኸኝ። ሙያህ ሆኖብህ ነው?»

ናትናኤል ፊቱ ተለዋወጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። እሱ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን የረገጠውን አየ። «አጠፋሁ» አላት። «ሰው ክፉ እንዳያወራብሽ ብዬ ነው፤ ግን አጠፋሁ።»

ይህን ስላለ ቁጣዋ መቆሚያ አጣ። «ዋስትናውን አንሳ» አለችው።

«ካነሳሁት በማግሥቱ ያስወጡሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ሥራውን ትወጂዋለሽ። አልነገርሽኝም እንጂ ከበሩ ስትወጪ ፊትሽን አያለሁ።»

ይህን ማየቱን አላሰበችም ነበር። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

«እወደዋለሁ። አንተንም እወድሃለሁ፤ ይኸው ነገርኩህ። ግን ባለውለታዬ ሆነህ አላገባህም። በአንተ ፊርማም አልሠራም። መስታወቱን ባነሳሁ ቁጥር አባቴ ከዚያ በር ሲመለሱ አያቸዋለሁ፤ ከኋላቸው ደግሞ ሙሀባን።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ሽማግሌ መላክ ትወድ የለ? ላክ። ወደ አባቴ ግን አትላክ፤ ወደ ፋብሪካው ላክልኝ።»

ናትናኤል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ በራ፤ ቀጥሎ ደግሞ ፈራ። ቢሆንም በዚያው ከሰዓት ሄዶ ዋስትናውን አነሳ።

እንዳለውም በማግሥቱ አስወጧት። ተጸጸተች ወይ ቢባል፣ አዎ። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ደወል ሲጮህ ከአልጋዋ ትነሣና የት ልሄድ ነው ብላ ተመልሳ ትቀመጣለች። ናትናኤል ማታ ማታ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ያናግራታል፤ ዋስም እጮኛም ስላልሆነ ወደ ቤት መግባት አይገባውም። እትዬ እቴነሽ ያዩዋቸዋል፤ እንዳላዩም ይሆናሉ።

ነገሩን ያከበዱት ሀጂ ሁሴን ናቸው። «ሽማግሌ ለሰው ይላካል እንጂ ለቆርቆሮ አይላክም» አሉ። ብርቱካን ራሷ ሱቃቸው ድረስ ሄደች።

«ሀጂ፣ በአገራችን ሽማግሌ የሚልከው፣ ዋስ የሚጠራው ማን ነው?»

«ሊወስድ የመጣው ነዋ።»

«መሬቱን ሊወስዱ ሲመጡ ማንን ዋስ ጠሩ? ሥራ እንሰጣለን ሲሉ ዋሳቸው ማን ነበር? ማንም። አባቴ ዋስ አልጠየቁም፣ ቃል ይበቃል ብለው ሰጡ። ወስደው ሲያበቁ ዋስ ጥሩ ያሉት እኛን ነው።»

ሀጂ ሁሴን መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። «ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ማለት ይኼ ነው።» ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ሱቁን ዘጉ።

ሰኞ ጠዋት ሀጂ ሁሴን፣ ጋሽ ሀብታሙና ሌላ የሰፈር ሽማግሌ ፋብሪካው ገቡ። ዘበኛው የሀጂ ሁሴን ደንበኛ ስለሆነ ብርቱካንና ናትናኤልንም አስገብቶ ግቢው ውስጥ ካለችው አንዲት የማንጎ ዛፍ ሥር አቆማቸው። የሩት ቢሮ ግድግዳው ፋብሪካው ራሱ በሠራው መስታወት የተሠራ ነው። ውስጥ የሚባለው አይሰማም፤ ሁሉም ግን ይታያል።

ሩት በእጇ ወንበር ስታሳያቸው ታየች። ሀጂ ሁሴን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና አሳየቻቸው። ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። ያኔ ነገሩ ገባት፤ የትም ትማር የት ሐበሻ ናት። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ቁጭ ማለት አልቻለችም፤ ተነሣች።

አለቃቸው ቆማ ሲያዩዋት በሚቀጥለው ክፍል ያሉት ጸሐፊዎች ተነሡ። ምን እንደሆነ የጠየቀ ሲነገረው እሱም ተነሣ። ሻይ ለመጠጣት የወጡት የምድጃው ሠራተኞች በመስታወቱ አዩና ከተቀመጡበት ሣር ተነሡ። በግቢው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጠፋ። ማንም አልጮኸ፤ ማንም ሥራ አቁም አላለ። ሽማግሌ ቆሟል፣ በቃ።

ሩት ቆማ ስልክ ደወለች። ቆማ አወራች። ዘጋች፣ ደግማ ደወለች። ፀሐይዋ እየወጣች፣ ቢሮው እየጋለ ሄደ፤ ጋሽ ሀብታሙ ደገኛ ናቸው፣ ላባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ብርቱካን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«እግራቸው አይችልም» አለች። «እኔ ነኝ ያቆምኳቸው። ሂድና በቃ በላቸው።»

«ብሄድ አይሰሙኝም» አላት ናትናኤል። «አሁን የቆሙት ላንቺ ብቻ አይደለም።»

«ባይሳካስ?»

«ባይሳካ ሥራ አጥ ሴት ነው የማገባው።»

ዞራ አየችው። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም፤ መስታወቱን እያየ ነው። እጁን ያዘችው። አባቷ ቢያዩ፣ ሰፈሩ ቢያይ፣ ግድ አልሰጣትም።

ሩት ስልኩን ዘጋች። ለሽማግሌዎቹ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ አጭር ነበር። ሀጂ ሁሴን ወደ ሁለቱ ዞረው መከሩ። ከዚያ ከዘራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ የጀለቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ተቀመጡ።

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ቁጭ አለ። ወሬው ከቢሮው ወጥቶ ደረሳቸው፤ መሬታቸው ለተነሳ ቤተሰቦች ልጆች ዋስ ይቅር ተብሏል። ብርቱካንም ትመለሳለች፤ ሙሀባም ትገባለች፤ በየቤቱ የቀሩት ሁሉ ይጠራሉ። አየ ጉድ፣ ይህን ለማለት ሽማግሌ ማቆም አስፈልጎ ነበር? ለመስጠት ያልከበደውን ነገር ሰው ስንት ዓመት ይነፈገዋል? ደስታዋ ከንዴቷ ጋር ተደባልቆ ማልቀስም መሳቅም አቃታት።

ሀጂ ሁሴን ሲወጡ ናትናኤልን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ሁለተኛውንም ቤት ዛሬውኑ እንጨርሰው» አሉ፤ «እግሬ ነገ ላይሞቅ ይችላል።» ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይልማ ቤት ብዙም አልቆሙም።

ሰማንያው የታሰረው በጥር ነው። ጋሽ ይልማ ግቢ ከቀሩት የማንጎ ዛፎች ሥር ዳስ ተጣለ። ደገኞቹ ዘመዶች ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ አውልቀው ሰቀሉት። ሙሀባ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር መጣች፤ ሩትም ተጠርታ መጥታ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች።

ውሉን የሚያስፈጽሙት ሽማግሌ ለመጻፍ ተዘጋጁና እንደ ወጉ ጠየቁ።

«ሙሽራው ዋስ ጥራ።»

ናትናኤል አጎቱን ጠራ። ጋሽ ሀብታሙ ተነሥተው ቆሙ።

«ሙሽራይቱ ዋስ ጥሪ።»

ሁሉም የብርቱካንን አጎት አየ። አጎትየውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለመነሣት ተዘጋጅተው ነበር።

«አባቴ» አለች ብርቱካን።

ዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ «አባት ለልጁ ዋስ መሆን ልማዱ አይደለም» አሉ።

«ይሁን» አለች። «የኔ ዋስ አባቴ ናቸው። ሌላ አልጠራም።»

ጋሽ ይልማ ወዲያው አልተነሡም። መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ያንን የበዓል ነጠላቸውን አጣፍተው በሰው ሁሉ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እኔ ይልማ፣ የቀወት ገበሬ» አሉ፤ «ዋሷ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። «ይልማ ካሉ ይበቃል» ብለው ጻፉ።